ብቻዋን ምን ልትሠራ ሄደች?

ይህ ጥያቄ በቀጥታ ለእኔ የቀረበ አይደለም። እንደ ብዙው የግቢያችን ወሬ በዙሪያ ነው የደረሰኝ፤ ከደሴ ግቢ ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ግቢ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ጥቂት ካረፈ በኋላ ቤቴ ገባ። «እገሊት ባሕር ማዶ ካለ ደሴት ላይ ለዕረፍት ሄዳ ነበር አሉ። ያውም ጓደኞቿ ሳይደርሱ አራት ቀን ቀድማ፣ ብቻዋን። ብቻዋን ምን ልትሠራ ሄደች?»

ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ አብረውኝ ይማራሉ፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ አስተምረውኛል። ስለዚህ መልሱን በየሻይ ቤቱ ከማመላለስ ይልቅ፣ በማባዣ በምትወጣው በዚህች ጋዜጣችን ላይ ለሁሉም በአንድነት መስጠትን መረጥሁ። አንባቢ እስከ መጨረሻው ታግሦ ካነበበ በኋላ ቢነቅፈኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እከታተላለሁ። በመጀመሪያው ዲግሪ ዘመን በአንድ መኝታ ክፍል የኖርን አራት ጓደኛሞች ዛሬ ተበታትነናል፤ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ናይሮቢ፣ አንዷ ዱባይ ናት፤ አራተኛዋ እኔ እዚሁ ነኝ። ከተመረቅን በስምንተኛው ዓመት አንድ ሳምንት አብረን ለመሰንበት ተስማማን፤ ቦታ ስናፈላልግም ሲሸልስን መረጥን። ምርጫው ከቅንጦት ብቻ የመጣ አልነበረም። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ሳይጠየቅ የሚገባባቸው አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሲሸልስ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ ናት። አየር መንገዳችንም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋናዋ ደሴት ማሄ ድረስ በቀጥታ ይበራል። የእኔ የዓመት ፈቃድ ከጓደኞቼ አራት ቀን ቀድሞ ስለ ወደቀ፣ ያን አራት ቀን ወይ ደሴ ተቀምጬ መጠበቅ፣ ወይም እዚያው ሄጄ መጠበቅ ነበረብኝ። እዚያው ሄጄ ጠበቅሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከምን እንደ መጣ አላጣሁትም። ኮምቦልቻ መንታ መንገድ ናት። አንደኛው መንገድ ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሁለተኛው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስንት የወሎ ልጅ እንደ ወረደ እያንዳንዳችን የየሰፈራችንን ቤት ቆጥረን ልንናገር እንችላለን። ከአፋር በረሃ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ። ይህ የወንዶቹ ልጆች መንገድ ነው። የሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በአይሮፕላን ነው። እንግዲህ በእኛ ከተማ «ብቻዋን በአይሮፕላን ሄደች» ከተባለ፣ ሰሚው ሳይነገረው «ዐረብ አገር» ብሎ ይጨርሰዋል። ብቻ መሄድ ማለት ለእኛ መሠራት፣ መላክ፣ አንዳንድ ጊዜም መቅረት ማለት ሆኖ ኖሯል። ለማረፍ ብቻውን የሚሄድ ሰው አላየንም። ያላዩትን ነገር መጠየቅ ደግሞ ነውር አይደለም።

ከቤታችን በመጀመሪያ አይሮፕላን የተሳፈረችው ታላቅ እኅቴ ናት። በ2001 ዓ.ም. ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደላላው ትኬቷን በእጇ ሲሰጣት መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አልያዘም፤ እርሷም አልጠየቀችም፤ እኛም አልጠየቅንም። እናታችን እቃዋን ስትሸክፍ ድርቆሹን በሁለት ከረጢት ሞልታ «አብሽሪ ልጄ፣ የሚቀበልሽ ሰው አለ» ትላት ነበር። እውነትም የሚቀበላት ሰው ነበረ። ከአይሮፕላን ጣቢያው ደጃፍ ቆሞ ጠበቃት፤ ስሟን ጠራ፤ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ከኪሱ ከተተ። ከዚያች ቀን በኋላ ፓስፖርቷን በዓይኗ አላየችውም። ከአሠሪዎቿ ቤት ሸሽታ ወጥታ ያለ ወረቀት ስትሠራ ቆየች፤ በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ጀምሮ ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ እርሷም በዚያ ጐርፍ መካከል አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ተመለሰች።

መንግሥት በዚያው በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ ክልከላው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። አዋጁን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ በአሠሪው ላይ ከተጣሉት ወጪዎች አንዱ የሠራተኛዋ የደርሶ መልስ መጓጓዣ ነው። ይህን አንድ ሐረግ ባነበብሁ ጊዜ እኅቴ ትዝ ትለኛለች። ሕግ «መልስ» የሚለውን ቃል መጻፍ ያስፈለገው፣ ያለ መልስ የሄዱት ስለ በዙ ነው።

እንግዲህ እኔ ወደ ሲሸልስ ልሄድ መሆኑን ስነግራት፣ እኅቴ የጠየቀችኝ ገንዘቡን ወይም ቦታውን አልነበረም።

«ማን ይቀበልሻል?» አለችኝ።

«ማንም፤ እትዬ። ጓደኞቼ የሚመጡት በአምስተኛው ቀን ነው» አልኋት።

«ፓስፖርትሽንስ ማን ይይዘዋል?»

«እኔው ነኛ።»

ጀበናውን ከከሰሉ አውርዳ ይዛው ቆየች። ቡናው ሰክኖ እስኪያበቃ አልተናገረችም። እኔም ከዚያች ሰዓት ወዲህ፣ የጉዞው ነገር የዕረፍት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረብኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነቀፋ ልለፍ። «ብቻ መሆን ባሕላችን አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እኔም ወሎዬ ነኝና ይህን አልክድም። በእኛ ቤት ቡና ብቻ አይጠጣም፤ ጎረቤት ሳይጠራ አቦል ቢቀዳ ቤቱ ምን ነካው ይባላል። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል። ታማሚም እንኳ ብቻውን አይተኛም፤ አስታማሚ ሳያጣ፣ ጠያቂ ሲጐርፍበት ይሰነብታል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም አባቶቻችን ከዚህ ሀብት ጐን ሌላም ነገር ያውቁ ነበር፤ ማስረጃውም ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማለቴ ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ያቋቋሙት ገዳም ሲሆን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። ዛሬ ቦታው በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል፤ በጥንት ዘመን ግን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ። እነዚያ መነኰሳት በደሴት መቀመጣቸው ሰውን ጠልተው አልነበረም። ተቀምጠው ጻፉ፤ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፤ ያስተማሯቸውን ወደ አገሩ ሁሉ ላኩ። ጣና ላይ ያሉትም ደሴቶች እንዲሁ ናቸው፤ የክፉ ቀን ሲመጣ ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ የተጠለሉት በእነርሱ ነው። በአገራችን ታሪክ ደሴት ማለት የአንድ ሰው ዝምታ ለብዙ ሰው የሚተርፍበት ስፍራ ነበር። ይህን ባሕላችን አይደለም ማለት እንዴት ይቻላል?

ስለ ሐይቅ በአካባቢው የሚነገር አንድ አፈ ታሪክም አለ። በጥንት ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔር ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመድ ወዳጆቿ ሰጠመች። ያልሰጠመው ያች የተበደለች ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። ደሴቱም ያ ነው ይባላል። እንግዲህ በአፈ ታሪኩ መሠረት፣ ደሴቱ የተፈጠረው አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣበት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ገዳሙ የወንዶች ስለ ሆነ ሴት አትገባበትም። በገዳሙ ሥርዓት ላይ የምናገረው የለኝም፤ ሥርዓቱ የራሱ ምክንያትና ክብር አለው። የምጠይቀው ሌላ ነው። የወሎ ወንድ ልጅ ጥቂት ቀን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ቢፈልግ፣ ሱባዔ ገባ ተብሎ ይከበራል። የወሎ ሴት ልጅ ይህን ብትፈልግ የት ትቀመጥ? በእናቷ ቤት እንዳትል ሥራ አለ፤ በባሏ ቤት እንዳትል ሥራ አለ፤ በመኝታ ክፍል እንዳትል ስድስት ሆነው ያድራሉ።

«ደሴት እኮ እስር ቤት ነው» ብሎ የቀለደብኝ አንድ የታሪክ ተማሪ አለ። ቀልዱ እውነት አለበት። ልዑል ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላ በጣሊያን ደሴት በፖንዛ ታስረው ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሙሶሊኒ በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን በወረደ ጊዜ የታሰረው በዚያችው ደሴት መሆኑ ነው። በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለ በኋላም፣ ከተጋዙት መኳንንትና መሳፍንት ብዙዎቹ አዚናራ በምትባል ደሴት ታስረዋል። ሲሸልስ ራሷ የግዞት ምድር ነበረች፤ እንግሊዞች የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን በ1900 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ወስደው እስከ 1924 አቆይተዋቸዋል፤ የቆጵሮሱን ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስንም በ1956 ወደዚያው አግዘዋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ያዩት ባሕርና እኔ ያየሁት ባሕር አንድ ነው። ዘንባባውም፣ አሸዋውም አንድ ነው። ታዲያ ግዞትን ከዕረፍት የሚለየው ምንድር ነው? ውበቱ አይደለም፤ ብቸኝነቱም አይደለም። የሚለየው መመለሻው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። የእኅቴም ጥያቄ ይኸው ነበር።

እንግዲህ «ምን ልትሠራ» ለሚለው፣ የሠራሁትን ልዘርዝር።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ከኮምቦልቻ ስነሣ የጎፍ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ አዲስ አበባ ስደርስ ዝናቡ አልቆመም። ማሄ ግን የእኛ ክረምት የእነርሱ ደረቅ ወቅት ነውና ነፋሻ ፀሐይ ተቀበለኝ። መግቢያው ላይ የተቀመጠው ሰው ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ አስቀድሜ የሞላሁትን የመግቢያ ፈቃድ፣ የማርፍበትን ቤት፣ የመመለሻ ትኬቴን። ያ አገር ቪዛ አይጠይቅም፤ መመለሻ ግን ይጠይቃል። ከዚያም ማኅተም መትቶ ፓስፖርቴን ለእኔው መለሰልኝ። ለሌላው መንገደኛ ይህ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ጥቂት እርምጃ ሄጄ ቆምሁና ቦርሳዬን ከፍቼ ፓስፖርቱ መኖሩን ደግሜ አየሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ደስታ አልነበረበትም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ያረፍሁበት ቤት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቲቱ አሮጊት ሴት ናቸው፤ እርሳቸውም «ባለቤትሽ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። እንግዲህ ጥያቄው የደሴ ብቻ አይደለም። ማታ በሩን ቈልፌ ወንበር አስደገፍሁበት። ባሕሩ ሲጮኽ ሐረጎን የሚወጣ ከባድ መኪና ይመስል ነበር። ራት ፍለጋ መውጣት ፈርቼ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ ቆረጠምሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ቈጠርሁ፤ በሠላሳ ዓመት ዕድሜዬ ብቻዬን በአንድ ቤት አድሬ አላውቅም ነበር። ከእናቴ መደብ ወደ እኅቴ አልጋ፣ ከእኅቴ አልጋ ወደ ግቢው መኝታ ክፍል፣ ከዚያ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ተከራየሁት ቤት ነው የተሸጋገርሁት። ይህን ማወቅ ብቻ የአይሮፕላኑን ዋጋ ባያወጣም፣ ጥቂቱን ይከፍላል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋና ከተማው ወደ ቪክቶሪያ ወረድሁ። ከተማይቱ ትንሽ ናት፤ በመካከሏ የቆመው ባለ ሰዓት ማማ ለእኛ ፒያሳ የሚያህል ክብር አለው። ገበያው ላይ ዓሣ፣ ቀረፋና የዳቦ ፍሬ የሚሉት ዛፍ ላይ የሚበቅል ምግብ ተደርድሯል። የዳቦ ፍሬን የበላ እንግዳ ወደ ሲሸልስ ሳይመለስ አይቀርም የሚል አባባል አላቸው። ገዝቼ በላሁ፤ ጣዕሙ ከድንችና ከዳቦ መካከል ነው። ከዚያም ተራራውን የሚወጣውን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳን ሱሲ ወደሚባለው ስፍራ ሄድሁ። እዚያ በጫካ መካከል ፍርስራሽ ግንብ አለ። በ1876 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበረ። የተማሩበትም ከምሥራቅ አፍሪካ ባሪያ ተደርገው በጀልባ ሲጋዙ፣ ባሕር ላይ ተይዘው ነፃ የወጡት ሰዎች ልጆች ናቸው። ከፍርስራሹ ራቅ ብሎ ባሕሩን ቁልቁል የሚያሳይ ማማ አለ። ከዚያ ቆሜ ባሕሩን ሳይ፣ ማንም ሳያናግረኝ፣ የኦቦክን ጀልባዎችና እኅቴን አሰብሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ቢሆን ኖሮ ያን ቦታ ፎቶግራፍ እንነሣበት ነበር፤ ፎቶግራፍ መነሣትም ክፉ አይደለም። ግን አላለቅስም ነበር።

ሦስተኛውን ቀን ቦ ቫሎን በሚባለው የባሕር ዳርቻ ተቀምጬ ዋልሁ። ዋና አልችልም፤ ቦርከና ዳር ያደገ ልጅ ዋና ከየት ይማራል? እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆምሁ። ትልቅ ፍልስፍና መጣልኝ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ ያሰብሁት የፋብሪካውን ማሽን ነው፤ ቀጥሎ የመመረቂያ ጽሑፌን። ሁለቱም ሲደክማቸው፣ ለአራት ዓመት ገደማ ስሸሸው የኖርሁት ነገር መጣ።

ይኸውም የሚከተለው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ እኔ ከቤተሰቤ ጋር ሸሽቼ ነበር። በዚያው ሰሞን አሁን አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛዬ እናት ደሴ ውስጥ ዐረፉ። መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር ለቅሶ አልደረስሁም። ይህን ማንም አይፈርድብኝም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን አልሄድሁም። መጀመሪያ «ነገ» አልሁ፤ ከዚያ ዘገየሁ ብዬ አፈርሁ፤ ከዚያ ማፈሬን ለመሸፈን ስልክ መደወልም ተውሁ። እርሷም ጨዋ ናትና አልጠየቀችኝም። በተገናኘን ጊዜ ሁሉ ሦስተኛና አራተኛ ሰው በመካከላችን እየተቀመጠ፣ ሳቅና ጨዋታ ነገሩን ሲሸፍንልን ኖረ። እነሆ ብቻዬን ስሆን የሚሸፍንልኝ ሰው ጠፋ። እስከ ማታ ድረስ ምን እንደምላት አሰብሁ። የተማርሁት ሰበብ ሁሉ አንድ በአንድ ወደቀ። የቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጧት ሦስቱ ደረሱ። ተቃቅፈን ከጨረስን በኋላ ጓደኛዬን ለብቻዋ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰድኋት፤ ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ነገርኋት። ምን እንደ መለሰችልኝ የእርሷ ነውና አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ያሳለፍነው ሳምንት ግን ከመኝታ ክፍሉ ዘመን ወዲህ ያልነበረን ሳምንት ሆነ።

የምለው ይህን ነው። ወዳጅ ፊት ከመቅረብ በፊት ሰው ከራሱ ጋር መነጋገር ይገባዋል። እኛ ግን ሁልጊዜ አብረን ስለሆንን፣ አብሮ መሆናችን አንዳንድ ጊዜ መደበቂያችን ይሆናል። ብቻን መቀመጥ የአብሮነት ጠላት አይደለም፤ ቤት ጠርጎ እንግዳን እንደ መጠበቅ ነው።

ከነቀፋዎቹ ሁሉ ከባዱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ ያቀረቡልኝም የማከብራቸው መምህር ናቸው። «ዩኒቨርሲቲያችን በጦርነቱ ተዘርፎ፣ ቤተ ሙከራው ባዶውን ቀርቶ እንደ ነበር አይተሻል። ተማሪው በጐደለ መጽሐፍ ሲማር፣ በዚህ አገር ለመዝናናት ደሴት ድረስ መብረር አያሳፍርም?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያወጣሁት ገንዘብ የሁለት ዓመት ቁጠባዬ ነው፤ የማንም ዕዳ የለብኝም፤ ቤተሰቤም ከድርሻው አልጐደለበትም። ቢሆንም ይህ መልስ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአንድ ትኬት ዋጋ ስንት መጽሐፍ እንደሚገዛ መቁጠር እኔም እችላለሁ። ሌላው ተማሪ ሁሉ ወደ ማሄ ይብረር ብዬ ብጽፍ፣ የተራበን ሰው ስለ ወጥ ቅመም እንደ ማስተማር ይሆንብኛል።

ነገር ግን ለመምህሬ አንድ ነገር እመልሳለሁ። ከወሎ ልጆች ለትኬት የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። ለደላላ ይከፈላል፤ በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተይዞ ይከፈላል፤ ያውም ለመሄጃው ብቻ። እኛ የማናፍረው በዚያ ነው። ልጅቱ ጉልበቷን ለመሸጥ ስትሄድ መርቀን እንሸኛታለን፤ ደክማ ለማረፍ ስትሄድ ምን ልትሠራ እንላለን። የሴት ልጅ ጉዞ ተገቢ የሚሆነው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው ካልን፣ የቈጠርናት እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማፈሪያ አላውቅም።

ደግሞም የነገሩ ቁም ነገር ርቀቱ አይደለም። ማሄ የሰጠችኝን የሐይቅ ዳርቻም ሊሰጠኝ ይችል ነበር፤ የጎፍ ደን ጥላም ሊሰጠኝ ይችል ነበር፤ ከጦሳ ተራራ አናት ላይ ሆኖ ደሴን ቁልቁል ማየትም ይበቃ ነበር። ያልሰጡኝ እነርሱ ነፍገውኝ አይደለም። እዚያ ብቻዬን ብቀመጥ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ «ምን ሆነሻል? ማን ነካሽ?» ስለሚለኝ ነው። ደግነቱን አመሰግናለሁ። አንዲት ሴት ዛፍ ሥር ብቻዋን መጽሐፍ ይዛ ብትታይ ግን ታማለች ወይም ተጣልታለች ማለት እንዳልሆነ ብንለምድ፣ ለዚህ ብቻ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማኅበሩ በየመንፈቀ ዓመቱ ወደ ሐይቅ ዳርቻ ወይም ወደ የጎፍ አንድ ጉዞ ያዘጋጅ። ወጪው የአውቶቡስ ኪራይና ዳቦ ነው። ከቀኑ ግማሹ ለጨዋታ፣ ግማሹ ደግሞ እያንዳንዱ ብቻውን የሚቀመጥበት ይሁን።

ሁለተኛ፤ በሁለቱም ግቢዎች ለሴት ተማሪዎች አንድ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይፈለግ። ምንም ዕቃ አያስፈልገውም፤ ወንበርና መስኮት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ለሥራም ሆነ ለትምህርት፣ ለዕረፍትም ቢሆን ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ተማሪዎችና እኅቶቻቸው ማወቅ የሚገባቸውን ማኅበሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ አማርኛ ይለጥፍ። የሥራ ውል ሳይጽፉ አለመሄድን፤ የመመለሻ መጓጓዣን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅን፤ የፓስፖርትን ቅጂ ለቤተሰብ ትቶ መሄድን፤ የደረሱበትን አድራሻ በየዕለቱ ለአንድ ሰው መንገርን። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህራን አዋጁን በአንድ ገጽ ቢያሳጥሩልን፣ ገጹን እኔ በማባዣው ላይ አዞራለሁ።

እኅቴ ከተመለስሁ በኋላ ቡና አፍልታ ጐረቤቱን ሁሉ ጠራች። ያመጣሁትን ቀረፋ አሸተቱ፤ የባሕሩን ፎቶግራፍ ተቀባበሉ፤ «ብቻሽን አልፈራሽም?» ሲሉኝ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊትና በሩን የደገፈውን ወንበር ነገርኋቸው፤ ሳቁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኅቴ ፓስፖርቴን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ገጹን እየገለጠች የመግቢያውን ማኅተም አየች፤ ከዚያ የመውጫውን አየች፤ ሁለቱንም በጣቷ ነካቻቸው።

«አዲስ ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ።

ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። ማን እንደሚቀበላትም አልጠየቅኋትም። በማግስቱ አብረን ሄደን ፎቶግራፍ አስነሣኋት።